ሳይቃጠል በቅጠል፤ በረጅም ጉዞ ላይ ስለሚደርስ የመኪና ብልሽት

በ1951 ዓ.ም. መጨረሻ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959) ከአሜሪካ አገር በመርከብ ተጭነው የመጡ 41 ተሳቢ ቤቶች ከኬፕታውን ከተማ ተነሥተው ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። ተሳቢ ቤት ማለት ከመኪና ኋላ ተቀጥሎ የሚጎተት፣ አልጋና ምድጃ፣ የውኃ ማጠራቀሚያና ቁም ሣጥን ያለው ትንሽ ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። ከነዚህ ቤቶች ጋር የተጓዙት 106 ያህል ሰዎች ወታደሮችም አገር አሳሾችም አልነበሩም፤ ዓለምን ለማየት የፈለጉ ተራ ቤተሰቦች ነበሩ። የጉዞው መሪ ሚስተር ዋሊ ባያም ሲሆኑ፣ እሳቸውም ኤርስትሪም የተባለውን፣ እንደ አውሮፕላን አካል በአሉሚኒየም ተሠርቶ በሪቬት የተያያዘውን ተሳቢ ቤት የሚሠራው ፋብሪካ መሥራች ነበሩ።

ተጓዦቹ የአፍሪቃን ደቡብና ምሥራቅ አቋርጠው በኬንያ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። በአዲስ አበባም ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀበሏቸው። ከዚያም በሱዳን በኩል አልፈው በ1952 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960) ካይሮ ደረሱ። የብር መልክ ያላቸው ተሳቢ ቤቶች በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ተሰልፈው የሚታዩበት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ድረስ በጉዞ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

ይህን ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደንቀው ፒራሚዱን ወይም የተጓዦቹን ድፍረት ነው። እኔ ግን አንባቢዎቼ፣ በተለይም ነገ በየክልሉና በየወረዳው ለሥራ የምትሰማሩት ወጣቶች፣ ሌላ ነገር እንድትመለከቱ እፈልጋለሁ። ይኸውም ከአፍሪቃ ጫፍ እስከ ጫፍ ባለው ድንጋይ፣ አሸዋና ጭቃ ላይ ቤት የሚጎትቱ መኪናዎች ሳይበላሹ ሊዘልቁ አይችሉም ነበር። ባሌስትራ ይሰበራል፤ ጎማ ይፈነዳል፤ አክስል ይጣመማል። እነዚያ ሰዎች ካይሮ የደረሱት መኪናቸው ስለማይበላሽ ሳይሆን፣ እንደሚበላሽ አስቀድመው አምነው ስለተነሡ ነው።

ሚስተር ባያም ይህን ትምህርት ያገኙት ቀደም ብሎ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ብዙ ተሳቢ ቤቶችን አስከትለው ከአሜሪካ በሜክሲኮ በኩል ወደ መካከለኛው አሜሪካ በወረዱ ጊዜ፣ ከተነሡት ውስጥ እስከ ኒካራጉዋ ድረስ የዘለቁት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። መንገዱ መኪናውንም ሰውንም ፈተነ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው የመሯቸው ጉዞዎች ለፋብሪካቸው እንደ መፈተኛ ቤት ሆኑ፤ መንገድ የሰበረውን እያዩ ተሳቢውን አሻሻሉት። በ1954 ዓ.ም. ሐምሌ ወር (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962) ቢሞቱም፣ የጉዞው ልማድ ከእሳቸው በኋላ ቀጥሏል።

ጉዞ የሚጀመረው በሚዛን ላይ ነው

ብዙ ሰው ስለ ብልሽት ሲያስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለው የመፍቻ ሣጥን ነው። ልምድ ያለው ተጓዥ ግን አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ክብደት ነው። ከመጠን በላይ የተጫነ ተሳቢ ጎማውን ያሞቃል፤ ባሌስትራውን ያደክማል፤ የሚጎትተውን መኪና ፍሪሲዮን ያቃጥላል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያሳጣል። አራት ልዩ ልዩ ብልሽቶች መስለው የሚታዩት ነገሮች ብዙ ጊዜ የአንድ ከባድ ሻንጣ ልጆች ናቸው።

የጭነቱም አቀማመጥ እንደ ክብደቱ ያህል ዋጋ አለው። ተሳቢው ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ጋንቾ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው የተሳቢ ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ ሊሆን ይገባል። እንግዲህ ተሳቢው ከነዕቃው 2,000 ኪሎ ቢመዝን በጋንቾው ላይ የሚያርፈው ከ200 እስከ 300 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲበዛ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ እንደ ዓሣ ጭራ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምርና መኪናውን ይዞ ሊገለበጥ ይችላል። ከመጠን በላይ ወደ ፊት ሲበዛ ደግሞ የመኪናው አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣና መሪው ይቀላል፤ የኋላው ባሌስትራም ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ በተሳቢው ጎማ አቅራቢያ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ቀላሉ ወደ ዳርና ወደ ላይ ይሄዳል።

ከሚዛን ቀጥሎ የሚመጣው መፍታትና ማየት ነው። ከጉዞው በፊት የእያንዳንዱ ጎማ እንብርት ተፈቶ ኩሽኔታው ይታጠባል፤ አዲስ ግራሶ ይደረግበታል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ይጠብቃሉ። ያረጁ የውኃ ቧንቧዎችና ቺንጋዎች «ገና ይሠራሉ» ተብለው አይተዉም፤ በአዲስ ይለወጡና አሮጌዎቹ በመጠባበቂያነት ይያዛሉ። ከዚያም ከተማው ሳይርቅ ሙሉ ጭነት ተጭኖ በመጥፎ መንገድ ላይ የሁለት ወይም የሦስት ቀን ሙከራ ይደረጋል። በዚህ ሙከራ የሚሰበር ነገር ቢኖር ደስ ሊለን ይገባል፤ ጋራዥ ባለበት ተሰብሯልና።

ምን ይያዛል? ማንስ ይያዘው?

መለዋወጫ ሁሉ ይያዝ ቢባል ሁለተኛ መኪና መጫን ሊሆን ነው። ክብደት ራሱ ብልሽት ያመጣል ካልን ደግሞ መፍትሔው ራሱ ችግር ይሆናል። ስለዚህ የሚያዘውን ለመምረጥ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ይህ ዕቃ በቀላሉ የሚያልቅ ወይም የሚሰበር ነውን? ቢሰበር መኪናውን ፈጽሞ ያቆመዋልን? በመንገድ ላይ ባለ መሣሪያ ልንለውጠው እንችላለንን? ለሦስቱም «አዎን» የሚል መልስ የሚሰጥ ዕቃ ቦታ ያገኛል።

በዚህ መለኪያ ስንሄድ ዝርዝሩ ረጅም አይሆንም። ጎማና የውስጥ ላስቲክ ከነመጠገኛው፣ ጎማ መንፊያ፣ ጭነቱን ከነተሳቢው ሊያነሣ የሚችል ክሪክ፣ ክሪኩ በአሸዋ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚደረግ ሰፊ ሳንቃ፣ ቺንጋ፣ የራዲያተር ቧንቧ፣ ካንዴላና ፑንቲና፣ የቤንዚን ፓምፕ፣ ፊውዝ፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ የባሌስትራ ዋና ቅጠል፣ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ቡሎኖችና ዳዶዎች፣ ዘይት፣ ግራሶ፣ ጠንካራ ሽቦ፣ የመጎተቻ ገመድ። በሌላ በኩል የበሩ መስታወት ቢሰነጠቅ ወይም የፊት መከላከያው ቢጣመም ጉዞው ስለማይቆም ለነርሱ ቦታ አይባክንም።

አንድ ሰው ብቻውን ሲጓዝ ይህን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል። ብዙ መኪና አብሮ ሲጓዝ ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ይሠራል። አርባ አንዱም መኪና አንድ አንድ የቤንዚን ፓምፕ መያዝ የለበትም፤ አንዱ ፓምፑን፣ ሌላው ኩሽኔታውን፣ ሦስተኛው የባሌስትራውን ቅጠል ሊይዝ ይችላል።

ይህ ክፍፍል ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው፣ መኪናዎቹ በተቻለ መጠን ከጥቂት ዓይነቶች የተመረጡ መሆን አለባቸው። አርባ አንዱ መኪና አርባ አንድ ዓይነት ቢሆን የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው ብረት ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ማን ምን እንደያዘ የተጻፈ ዝርዝር በእያንዳንዱ ሾፌር እጅ መኖር አለበት። የት እንዳለ የማይታወቅ መለዋወጫ እንደሌለ ይቆጠራል።

የእጅ መዳፍ መሣሪያ ነው

በጉዞው ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው ጥበብ ብልሽትን ገና በሕፃንነቱ ማግኘት ነው። ጧት ሞተሩ ሳይነሣ ዘይት፣ ውኃና የጎማ አየር ይታያል። የጎማ አየር የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ በቀትር ሲሞቅ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ የተፈጥሮ ስለሆነ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ ትልቅ ስሕተት ነው። አየሩ ያነሰው ጎማ ይበልጥ እየታሸ ይበልጥ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል። በአሸዋ ላይ ግን መኪናው እንዳይሰምጥ ሆነ ተብሎ አየር ይቀነሳል፤ ጠንካራው መንገድ ሲገኝ ወዲያው ይሞላል። መንፊያ የሌለው ሰው እንግዲህ በአሸዋ ላይ አየር ለመቀነስም መብት የለውም ማለት ነው።

በየዕረፍቱ ሾፌሩ ወርዶ መኪናውንና ተሳቢውን ይዞራል፤ የእጁን መዳፍ ወደ እያንዳንዱ ጎማ እንብርት ያስጠጋል። ሁሉም እኩል ቢሞቁ ደግ ነው። አንዱ ከጓደኞቹ ለይቶ ቢያቃጥል ግን ወይ ኩሽኔታው ግራሶ አልቆበታል፣ ወይም ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው። ዝም ተብሎ ከተሄደ ግን ኩሽኔታው ይደቅቅና አክስሉን ይበላል፤ ጎማው ተነቅሎ እስከ መውጣት ሊያደርስ ይችላል። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላም ይህ ምርመራ ያስፈልጋል። የሞቀ እንብርት በቀዝቃዛ ውኃ ሲነከር ውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ውኃን ወደ ግራሶው ይስባልና።

ተሳቢ ደግሞ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ከኋላ ስለሆነ ሾፌሩ ሕመሙን አይሰማውም። የመኪናው ጎማ ቢተነፍስ መሪው ይነግረዋል፤ የተሳቢው ጎማ ግን ተንፍሶ፣ ተቀዶ፣ በእሳት እስኪያያዝ ድረስ ሊጎተት ይችላል። ስለዚህ ከኋላ የሚመጣው ጓደኛ ዓይን ያስፈልጋል፤ መብራት ወይም ጡሩምባ ሲሰማ «ምን ፈለገ?» ሳይባል መቆም ግድ ነው።

ሙቀት፣ ከፍታና ቁልቁለት

ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ ሾፌር ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሲወጣ መኪናው የታመመ ይመስለዋል። ነገሩ ሕመም አይደለም፤ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ሞተሩ በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ አሥር እጅ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ስለምትገኝ፣ ተሳቢ የሚጎትት ተራ ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህል ጎድሎት ይሠራል። ውኃም በዚህ ከፍታ ላይ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚህም የተነሣ ክዳኑ በደንብ የማይገጥም ራዲያተር ቶሎ ይንተከተካል። መድኃኒቱ ጧት በቀዝቃዛው ሰዓት ዳገቱን መውጣት፣ ማርሽ አስቀድሞ መቀነስና የራዲያተሩን ክዳን መመርመር ነው። የፈላ ራዲያተር ወዲያው አይከፈትም፤ ፊቱንና እጁን የተቃጠለ ሾፌር ከተበላሸ መኪና የከፋ ችግር ነው።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ፍሬንን ያለ ማቋረጥ መርገጥ ፍሬኑን አሙቆ ኃይሉን ያሳጣዋል፤ ተሳቢ ከኋላ የሚገፋው መኪና ደግሞ ይህ አደጋ ዕጥፍ ነው። የቆየው ሕግ ዛሬም አልተሻረም። ዳገቱን ለመውጣት በሚያስፈልገው ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ፤ ማርሹንም ከመውረድህ በፊት አስገባ።

አንዱ ሲቆም ሌላው ምን ያድርግ?

እስቲ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ከ41 መኪናዎች እያንዳንዱ በቀን ለግማሽ ሰዓት ብቻ ቢበላሽና አንዱ በቆመ ቁጥር ሁሉም ቢቆሙ፣ ጉዞው በቀን ከ20 ሰዓት በላይ ይቆማል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጓድ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በትልቅ ጉዞ ላይ መኪናዎች በአንድ ክር እንደ ተሰካ ዶቃ ተጠጋግተው አይሄዱም። በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለው ይነሣሉ፤ ማታ የሚገናኙበት ቦታ ይነገራል፤ መካኒኩ የመሣሪያውን መኪና ይዞ ከሁሉ ኋላ ይመጣል። የተበላሸ ሰው ወደ ፊት መሮጥ ወይም ወደ ኋላ መመለስ አያስፈልገውም፤ ከመንገድ ወጣ ብሎ ጥላ ይፈልግና ይጠብቃል። የመጨረሻው መኪና እስኪገባ ድረስ በሰፈሩ ውስጥ ስም ይጠራል።

መጠበቅ የሚቻለው ግን ውኃ ሲኖር ነው። በዚያ ዘመን ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣው 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ማርሳቢትንና ሞያሌን አልፎ የሚመጣ ሲሆን፣ በሰሜን ኬንያ ያለው ክፍል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተበተነበት ደረቅ በረሃ ነበር። ዛሬ አስፋልት ሆኗል፤ በረሃው ግን እንደ ነበረ አለ። በእንደዚህ ያለ ቦታ አንድ ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን አምስት ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። ለ106 ሰዎች ሲሰላ 530 ሊትር፣ ማለት ባለ 200 ሊትር በርሜል ሁለት ሙሉና ከግማሽ በላይ ይሆናል፤ ይህም ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ይህ ውኃ ከራዲያተር ውኃ የተለየ፣ በየመኪናው የተከፋፈለ መሆን አለበት። ውኃውን ሁሉ የያዘው አንዱ መኪና ከኋላ ቢቀር ከፊት ያሉት ሁሉ ይጠማሉና። ሌላው የማይሻር ሕግ መኪናን ጥሎ በእግር አለመሄድ ነው። የቆመ መኪና ከሩቅ ይታያል፤ ጥላም ይሰጣል፤ ብቻውን የሚሄድን ሰው ግን በበረሃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የወረቀት ብልሽት

በባዕድ አገር መንገድ ላይ መኪናን የሚያቆመው የብረት ስብራት ብቻ አይደለም። ብዙ አገሮች የጎብኚን መኪና ያለ ቀረጥ የሚያስገቡት ካርኔ ደ ፓሳዥ በሚባለው የዋስትና ደብተር ነው። በዚህ ነገር ላይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 በኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈርሟል። ደብተሩ ሲገባ ይታተማል፤ ሲወጣ ይታተማል። መኪናው ተሰብሮ ሳይወጣ ከቀረ እንደ ተሸጠ ይቆጠርና ቀረጡ ከዋሱ ይጠየቃል፤ ዋሱም በተራው ባለ መኪናውን ይጠይቃል። ስለዚህ የተጓዦቹ መኪና በረሃ ላይ ቢወድቅ «ይቅር» ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ወይ ይጠገናል፣ ወይም ይጎተታል። ከውጭ የሚላክ መለዋወጫም በጉምሩክ ሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል፣ የመኪናው ዓይነት፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፣ የዕቃው መለያ ቁጥር አስቀድሞ ተጽፎ መያዝ አለበት።

ይህ ነገር ለኛ ምን ይጠቅመናል?

አንባቢው «እኔ ከኬፕታውን እስከ ካይሮ ቤት እየጎተትሁ አልሄድም» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን ከዛሬ ተማሪዎች ብዙዎቹ ነገ ክትባት፣ የፈተና ወረቀት፣ የዘር እህል ወይም ደመወዝ ይዘው ወደ ሩቅ ወረዳ በመሥሪያ ቤት መኪና ይወጣሉ። መኪናው በመንገድ ሲቆም የሚቆመው ብረቱ ብቻ አይደለም። ክትባቱ ይሞቃል፤ ፈተናው ይዘገያል፤ በዝናብ ላይ ሊዘራ የሚገባው እህል ጊዜው ያልፍበታል። ለነዚህ ሁሉ ምክንያት የሚሆነው ብዙ ጊዜ ዋጋው እጅግ ትንሽ የሆነ ቺንጋ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ልማድ ደግሞ ይህን ሁሉ ለሾፌሩ መተው ነው። ኃላፊው ከኋላ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፤ መኪናው ሲቆም ሾፌሩን ይቆጣል። ሆኖም ለመለዋወጫ ገንዘብ የሚፈቅደው፣ ጭነቱን የሚያዝዘው፣ የመነሻውን ሰዓት የሚወስነው ሾፌሩ አይደለም። «ጎማው አልቋል» ብሎ በደብዳቤ ያመለከተ ሾፌር መልስ ሳያገኝ ወደ በረሃ ቢላክ፣ ጎማው በፈነዳበት ቦታ ተጠያቂው ማን ነው? ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ነው። ከላይ ከተነገሩት ሥራዎች ግማሹ የመፍቻ ሥራ ቢሆን ግማሹ የብዕር ሥራ ነው፤ ዝርዝር መጻፍ፣ ክብደት መመዝገብ፣ ወጪ መፍቀድ፣ ማን ምን እንደያዘ ማወቅ።

በዘመናችን ስልክ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ስላለ ይህ ጥንቃቄ ያለፈበት የሚመስላቸው አሉ። ስልክ እርዳታን ይጠራል፤ ቺንጋ ግን አይሆንም፤ ኔትወርክም የማይደርስባቸው ሸለቆዎች ብዙ ናቸው። እንዲሁም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ መጥቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላና ፑንቲና የለውም፤ ጎማ፣ ኩሽኔታና ፍሬን ግን አለው። ባትሪው የሚያደርሰው ርቀት ደግሞ በጭነትና በዳገት ስለሚቀንስ፣ የሚዛኑ ትምህርት ከቀድሞው ይልቅ ለርሱ ይብስ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ወጣቱ ሹም በሚቀጥለው የመስክ ጉዞው ዋዜማ ከሾፌሩ ጋር ግማሽ ሰዓት ይቁም። መጠባበቂያው ጎማ አየር አለው? ክሪኩ ጭነቱን ያነሣል? የመጠጥ ውኃው ለስንት ሰው፣ ለስንት ቀን ይበቃል? ብንዘገይ ማን ይፈልገናል? ለነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ካልተገኘ ጉዞው በማግሥቱ ይሁን። ከቢሮ አንድ ቀን ዘግይቶ የወጣ ክትባት ቀዝቅዞ ይደርሳል፤ በሰዓቱ ወጥቶ በረሃ ያደረው ግን ለማንም ሕፃን አይጠቅምም።